የአንድ ጣት ክፍተት

ሮዛሪዮ፣ ሜይ 14 ቀን 1988

ኦስማር፣

«ውድ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ስምህ ይበቃሃል። ለጤናዬ ደህና ነኝ። እዚህ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ካርቶኖቼ በእርጥበቱ እየተጣመሙ ሥራ አስፈትተውኛል። ደንበኞቼ ደግሞ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃቸውን ዛሬውኑ በሞዴል ካላየን ይላሉ። አንተ የጠየቅከው ግን ስለ እኔ አይደለም፤ መቼስ ስለ እኔ ጠይቀህ ታውቃለህ?

የልጅህ የመጀመሪያ ሥራ እንዴት ሆነ ላልከው፦ ወደቀች። በቃ፣ ሰማህ። «ምህንድስና ግቢ ብያት ነበር» የምትላትን ነገርህን እዚያው ለፓታጎኒያ ነፋስ ንገረው፤ እኔ ጋ እንዳታመጣት።

የአርክቴክቸር አንደኛ ዓመት ስቱዲዮ እኔ በተማርኩበት ጊዜ እንደነበረው ነው፤ አንተ እኔን ፍለጋ መጥተህ በር ላይ ቆመህ የምትስቅበት። መምህርት ባሳኖ ዛሬም አለች፣ ፀጉሯ ብቻ ነው የነጣው። ያ የሽቦ የዕጣ ቅርጫትም አለ። እጀታው ይዞራል፣ የእንጨት ኳስ ይወድቃል፣ ተማሪው በኳሱ ላይ ያለውን ቁጥር ከዝርዝሩ አይቶ ቃሉን በሆዱ ይይዛል፤ ረዳቷ ቁጥሩን ብቻ ትመዘግባለች። ከዚያ ያንን ቃል በካርቶን ሠርቶ ማምጣት ነው፤ ፊደል የለ፣ ቀለም የለ። የንባብ ዕለት የሠሪው አፍ ዝግ ነው። ሌሎች ሦስት ሰዎች ሞዴሉን ያነባሉ፤ አንዳቸውም ቃሉ አጠገብ ካልደረሱ ወደቅክ።

ሲልቪና ሁለት ተራርቀው የቆሙ ቤቶች ሠራች፣ በመሃላቸው ሰፊ ድልድይ። አንዱ አንባቢ «ጋብቻ» አለ፣ አንዷ «ዕርቅ» አለች፣ ሦስተኛው «ወንድማማችነት» አለ። ባሳኖ መዝገቡን ገልጣ አነበበች፦ ቁጥር ስድስት፣ ቂም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ አሉ።

እስቲ ንገረኝ፣ ይህች ልጅ ቂምን ከየት አመጣችው? ከሁለቱ ቤቶች ረጅሙ አንድም መስኮት የለውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የቆመው። እሱ አንተ ነህ፣ ለማወቅ ሥዕል አያስፈልገኝም።

ዲሴምበር ላይ አንድ ዕድል አላት፤ ያንኑ ቃል እንደገና ሠርታ ማቅረብ። ያን ከወደቀች ዓመቱ ሄደ። እሷም «ከወደቅኩ እግሬ ያን ትምህርት ቤት አይረግጥም» ብላለች፤ ስትል ደግሞ ታደርገዋለች። በጫማ ካርቶን ቤት እየሠራች ያደገች ልጅ! ሌላ ምን ትሆናለች?

ስልክ ለምን አታነሳም ላልከው፣ ትምህርት በዝቶባታል።

ኔሊዳ

—

ሪዮ ጋዬጎስ፣ ሜይ 29 ቀን 1988

ለተከበሩ ወይዘሮ ኔሊዳ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ነፋሱ የመኪናዬን በር ገንጥሎ ከመውሰዱ በቀር፣ ደህና ነኝ። ክሬኑ ከቆመ አራት ቀን ሆነው፤ ሠራተኞቼ ኮንቴይነር ውስጥ ተሰብስበው ካርታ ይጫወታሉ። እርስዎ ሁልጊዜ እንደሚሉት እኔም እዚህ የምኖረው ለመዝናናት ነው።

ኤጭ፣ «እርስዎ» ከሁለት መስመር በላይ ጥርሴን ያመኛል። አንቺ፣ ስሚኝ።

ሞዴሉን አላየሁትም፤ አንቺ የጻፍሽውን ግን ደግሜ አነበብኩት። ረጅሙ ቤት እኔ ነኝ አልሽ? ሰውን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ማነው? ጀርባ መስጠት የማን ጸባይ ነው? እራት ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ሳምንት ሳታናግሪኝ «ጨው አቀብዪ ለአባትሽ» እያልሽ ልጅቷን አስተርጓሚ ያደረግሽው አንቺ ነሽ። ረጅሙ ቤት አንቺ ነሽ። እኔ ትንሹ ነኝ።

ይህ ይሁን። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ የምህንድስና ጥያቄ በይው። ቃሉ ቂም ከሆነ ድልድዩ ለምን ሙሉ ሆነ? ቂም የሚሠራ ሰው ሁለት ቤት ያገናኛል? ሲልቪና ሞኝ አይደለችም፤ በእኔ ወጥታለች። መልስ ካለሽ ጻፊልኝ፤ ከሌለሽ ዝም በይ፣ ግን አትዋሺ።

ስለ መዋሸት ካነሳን ደግሞ፣ ትናንት ለእህትሽ ለቤአትሪስ ደወልኩ። ሲልቪና ልብሷን በጆንያ ይዛ ከቤት ከወጣች ሁለት ሳምንት አልፏታል አለችኝ። «ትምህርት በዝቶባታል» አልሽኝ አይደል? ጉድ ነሽ እኮ።

ኦስማር

—

ሮዛሪዮ፣ ጁን 10 ቀን 1988

ኦስማር፣

ቤአትሪስ አንድ ቀን ምላሷ ላይ በር ይዘጋባታል። አዎ፣ ወጥታለች። ከአንዲት የክፍሏ ልጅ ጋር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ክፍል ተከራይተዋል። ክፍሉን አይቼዋለሁ፤ ከውጭ ማለቴ ነው። በሩን አልከፈተችልኝም።

የሆነው ይኸው ነው፣ ካልሰማሁ ሞቼ እገኛለሁ ስላልክ። ከንባቡ ስትመለስ ምሳ አቅርቤ እየጠበቅኳት ነበር። አልተቀመጠችም። ሞዴሉን ከነሳጥኑ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ «ቃሉ ቂም ነው፤ ደስ ይበልሽ» አለችኝና ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ለምን እንደዚያ እንዳለችኝ አንተ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል። አባቷ አይደለህ? ደግሞም በአንተ ወጥታለች።

ድልድዩ ለምን ሙሉ ሆነ ላልከው፣ እኔ ምን አውቄ። ሂድና ሠሪዋን ጠይቃት።

የምትጠይቅበትም ጊዜ እየመጣልህ ነው። የጁላይን ዕረፍት አንተ ዘንድ ልታሳልፍ ትኬት ቆርጣለች፤ እሱንም ያወቅኩት በዚያችው በቤአትሪስ በኩል ነው። ሞዴሉን እዚያ ልትሠራው ነው አሉ፤ «እዚያ ካርቶን የሚያውቅ ሰው የለም» ብላ። ለእኔ የተወረወረች ድንጋይ ናት፤ ገብታኛለች።

ስማኝ ኦስማር፣ ባትወደኝም ስማኝ። ልጅቷ እየሠራች ሳለ አፍህን አትክፈት። ስለ ጭነት፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ አርማታ አታውራባት። ወፍራም ካልሲ ግዛላት፣ በአግባቡ አብላት፣ ከዚያ ዞር በልላት። አንተ ደግሞ ዞር ማለት ትችልበታለህ።

ኔሊዳ

—

ሪዮ ጋዬጎስ፣ ጁላይ 24 ቀን 1988

ኔሊዳ ኔሊዳ ኔሊዳ፣

ዛሬ ሰላምታዬ ረጅም ነው። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እጅሽስ? በተለይ እጅሽ። ኮላ አልተጣበቀበትም?

ትናንት ምስር ሠርቼ እየበላን ሳለ ጠየቅኳት። «ድንክዬ፣ ቂም ያልሽው ሥራ ድልድዩ ለምን ሙሉ ሆነ?» አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሙሉ አልነበረም፤ መሃሉ ላይ የአንድ ጣት ክፍተት ነበረው። ከእናቴ ቤት ሲወጣ ነው ሙሉ የሆነው» አለችኝ። ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር እሷም ያየችው ከሁሉም ሰው ጋር፣ ባሳኖ ጨርቁን ስታነሳ ነው። አፏ ደግሞ በደንቡ ዝግ ነው። እዚያ ቆማ «ጋብቻ» ሲሉ ሰማች!

«አላውቅም» ብለሽ ጻፍሽልኝ አይደል? ደብዳቤሽን እዚህ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሠራተኞቼን ስንፍና ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየውና የባሰም አለ እላለሁ።

የልጅን ሥራ! የፈተና ሥራ! እኔ ብሆን ኖሮ እስካሁን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደውለሽ ነበር። አንቺ ግን ያገኘሽውን ነገር ሁሉ ካላጣበቅሽ እንቅልፍ የማይወስድሽ ሰው ነሽ፣ ከትዳርሽ በቀር።

እሷ አሁን መኝታ ቤቷ ውስጥ አዲሱን እየቆረጠች ነው። የካተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ደስተኛ ናት፣ በደንብ ትበላለች። ይህን የምጽፍልሽ እንድትቀኚ ነው።

ኦስማር

—

ሮዛሪዮ፣ ኦገስት 1 ቀን 1988

ኦስማር፣

አዎ፣ እኔ ነኝ። አሁን ይህንንም ግድግዳህ ላይ ለጥፈው፤ በደንብ እንዲታይህ በትልቁ ጻፍኩልህ።

የንባቡ ዕለት ጠዋት ነው። እሷ ሻወር ገብታ ውሃው ይወርዳል፣ ሞዴሉ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለት ቤት፣ ከእያንዳንዳቸው የወጣ ሰፊ ድልድይ፣ መሃሉ ክፍት። እኔ ተሰብሯል አልኩ። ሌላ ምን ልበል? እድሜ ልኬን የኖርኩት ክፍት በመድፈን ነው፤ ክፍት መጋጠሚያ ሳይ አንጀቴ አይችልም። ልጄ የተሰበረ ነገር ይዛ ሰው ፊት ልትቆም ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከራሴ ካርቶን ቀጭን ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ሁለት ጠብታ ኮላ፣ በጥፍሬ አለሰለስኩት። ድልድዩ ሥር የወደቀች አንዲት ቅንጣት ካርቶን ነበረች፤ እሷንም አንስቼ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። ከሻወር ሳትወጣ ጨረስኩ። ጨርቁን አለበስኩላት፣ ሳጥኑን አሰርኩላት። ደስ ብሎኝ ነበር ኦስማር። አንድ ነገር ያደረግኩላት መስሎኝ ነበር።

ለምን አልነገርኳትም ካልከኝ፣ ጥሩ ጥገና አይታይም፤ እኔን ያሳደገኝ ሙያ ይህን ነው ያስተማረኝ። ለምን ለአንተ ዋሸሁ ካልከኝ ደግሞ፣ ይህን ደብዳቤህን አንብበውና ራስህ መልሰው።

ይቅርታ እንደጠየቅኳት ንገራት። አይ፣ ተው፣ አትንገራት። አንተ ስትናገረው ይበላሻል።

ኔሊዳ

—

ሪዮ ጋዬጎስ፣ ኦገስት 12 ቀን 1988

ኔሊዳ፣

አጭር ነው፤ ሥራ በዝቶብኛል።

ሲልቪና ካሰበችው ሳምንት ቀድማ ተመልሳለች። በረዶ እየጣለ ስለነበር መንገዱ ሳይዘጋ ልውጣ አለች። ደህና ናት። ሞዴሉን ረስታው ስለሄደች በአውቶቡስ ጭነት በአንቺ አድራሻ ልኬዋለሁ፤ የእሷን አድራሻ አልሰጠችኝም። ተርሚናል ሄደሽ አውጪና እንደታሸገ አድርሺላት።

አትክፈቺው።

ኦስማር

—

ሮዛሪዮ፣ ኦገስት 25 ቀን 1988

ለተከበሩ ኢንጂነር ኦስማር፣

ከፈትኩት።

እንዴት ሰነበቱ ኢንጂነር? በረዶው እንዴት ነው? ሬዲዮ ላይ ግን በዚያ ሳምንት መንገዱ ሁሉ ክፍት ነበር ብለዋል፤ መቼም ሬዲዮ ይዋሻል።

ሁለት ቤት። እንዴት ያምራሉ! ከመጀመሪያዎቹ የጸዱ ናቸው፤ ልጅቷ እጅ አላት። ድልድዩ መሃል ላይ ያ የአንድ ጣት ክፍተት። ከሥሩ ደግሞ፣ እግዚኦ፣ አንድ ኮለን፣ ምሰሶ! ከብስክሌት ጎማ ሽቦ የተሠራ፣ ጭንቅላት ያለው፣ ጭንቅላቱ ክፍተቱን ከግራና ከቀኝ ደግፎ የያዘ። በትክክል መሃል ላይ። በካርቶን ሞዴል ውስጥ ብረት የሚተክል አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ።

«ረስታው ሄደች» አልክ? ልጅ አውቶቡስ ላይ ጓንቷን ትረሳለች፤ የፈተና ሥራዋን አትረሳም። ጥላብህ ነው የሄደችው። እኔን በጆንያ፣ አንተን በአውቶቡስ።

የእኔን ደብዳቤ የለጠፍክበት ግድግዳ ላይ ቦታ ካለ ይህንንም ጨምርበት። አጠገቡ መስታወት ብትሰቅል ደግሞ ሌላ ጌጥ አያስፈልግህም።

ስቄ ጨርሼ ማልቀሴን ደብቄህ ምን አገኛለሁ፤ አልቅሻለሁ። ጊዜው እያለቀ ነው። ሞዴል የላትም፣ እናት የላትም፣ አሁን ደግሞ አባትም የላትም። እንኳን ደህና መጣህ።

ኔሊዳ

—

ሪዮ ጋዬጎስ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1988

ኔሊዳ፣

እሺ። አዎ።

ግን ያንቺና የእኔ አንድ አይደለም። አንቺ ዘጋሽው፤ እኔ ደገፍኩት። ልዩነት አለው። ድልድዩ ከሁለቱም በኩል ተንጠልጥሎ ነበር፣ ጫፎቹ ወደ ታች ማዘንበል ጀምረው ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ዲሴምበር እንደዚያ ይቆማል? በአንቺ ከተማ እርጥበት? እሷ ጓደኛ ፍለጋ ከተማ ወጥታ ሳለ የአፓርታማው ብስክሌት ማቆሚያ ውስጥ አንድ አሮጌ ጎማ አገኘሁ። ለሁለት ሰዓት ያህል ነው የሠራሁት። ወለሉ ላይ ያረፈች ብጣሽ ወረቀት ገፋ አድርጌ ትክክለኛው መሃል ላይ ተከልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። ሰላሳ አፓርታማ እየሠራሁ ነው፣ አንዱም እንደዚያ አልተሠራም።

ስትመለስ ደስ ይላታል ብዬ ማቴ ሻይ አፍልቼ ጠበቅኳት። አየችው። አልጮኸችም። «አንተም?» አለችኝ። ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። ከዚያ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ቦርሳዋን ያዘች። ተርሚናል ድረስ በነፋሱ ከኋላዋ ስከተል አንድ ጊዜ አልዞረችም።

ለመሳቅ ከፈለግሽ ሳቂ፤ እኔም ሳቄን አልቆጠብኩልሽም። ግን አንድ ነገር አድርጊ። ባሳኖ ጋ ሂጂ። እኔ ከዚህ ብጽፍላት የኢንጂነር ጉራ ይመስላታል። ሁለቱም ጊዜ የልጅቷ ጥፋት እንዳልሆነ ንገሪያት። የእኔንም ስም ጥሪ፤ አትሸፋፍኚልኝ። መሸፋፈን አትችይምና አታስቸግሪ ማለቴ ነው።

ኦስማር

—

ሮዛሪዮ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1988

ኦስማር፣

ተቀመጥና አንብብ። ቆመህ ከሆነ ወንበር ሳብ።

ባሳኖ ጋ ሄድኩ። ያንን የብስክሌት ሽቦህን በቦርሳዬ ይዤ፣ የእኔንም ኃጢአት በአፌ ይዤ። ሁለቱንም ጠረጴዛዋ ላይ አፈሰስኩላት። መነጽሯን አወለቀችና «ኔሊዳ፣ ልጅሽ ካንቺ ቀድማ መጥታ ነበር» አለችኝ።

ሲልቪና ሳምንት ቀደም ብላ ገብታ ከዕጣ ቅርጫቱ አንዱን ኳስ አውጥታ ባሳኖ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ኳሱ ላይ ስድስት ተጽፏል። ከዚያ ገለበጠችው። ዘጠኝ ሆነ።

ከቁጥሩ ሥር ትንሽ መስመር ነበረች፣ ላይና ታቹን የምትለይ። እኔ ስማር ነበረች። በስንት ተማሪ እጅ ተፈግፍጋ ጠፍታለች። ባሳኖ መዝገቡን ስታወጣ በዚያ ዕለት ሁለት ስድስት ተመዝግቦ ተገኘ፣ ዘጠኝ የሚባል የለም። አንድ ቅርጫት ውስጥ ሁለት ስድስት ከየት ይመጣል? ሌላው ስድስት የአንድ ልጅ ነው፤ ቂምን ከካርቶን በወጣ ሚስማር ሠርቶ፣ የአንዱን አንባቢ ጣት አድምቶ፣ በደስታ አልፏል። የሲልቪና ኳስ ዘጠኝ ነበር፤ ረዳቷ ገልብጣ አንብባ መዘገበችው። ቃሏ ቂም አልነበረም ኦስማር።

ታዲያ ለምን ያን ዕለት አልተናገረችም አልኩ። ባሳኖም ጠይቃታለች። «የተጣበቀውን ድልድይ ሳይ ቂሙም መጣ፤ ስለዚህ ይሁን ብዬ ተቀበልኩት» አለቻት።

ዘጠኝ ቁጥር እፎይታ ነው።

እፎይታ። ሁለት ቤት ሠራች፣ ለየብቻ። በመሃላቸው አንድ ጣት ከፈተች፣ ያም እፎይታ ነው። እኛ የተለያየን ቀን ልጃችን የተሰማት ይኸው ነው። ከግንብ ጀርባ ሆና ስታለቅስ ስንስላት የከረምነው ልጅ እፎይ ብላ ነበር። እኔ ሄጄ አገናኘሁት፤ አንተ ሄደህ እንዳይላቀቅ ደገፍከው። ከሜይ ጀምሮ ደግሞ «ቂሙ የማን ነው፣ ረጅሙ ቤት ማነው» እያልን እንደ ሕፃን ስንናከስ ከረምን። ቂሙ የእኛው ነበር፤ ከኪሳችን አውጥተን ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው እኛ ነን።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። አፈርኩ። ካንተ ጋር አንድ ላይ ማፈሬ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ኔሊዳ

—

ሪዮ ጋዬጎስ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1988

ኔሊዳ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ልጽፍ ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ። ምን ይጻፋል?

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። እፎይታ? አባቷ በዓለም ጫፍ፣ በዚህ ነፋስ ውስጥ፣ ብቻውን ቆርቆሮ እየከፈተ ሲበላ እፎይታ? እኔ ከቤት ስወጣ መስኮት ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን እያወዛወዘች። ታለቅሳለች ብዬ ዞሬ አላየሁም። አሁን ሳስበው አታለቅስም ነበር። ይህ እንዴት ይዋጣል? አንቺ ዋጥሽው?

ከዚያ ደግሞ ያን ቤት አስታወስኩት። «ጨው አቀብዪ ለአባትሽ።» እኔም እኮ «ለእናትሽ ጨው እዚያው አለ በያት» እል ነበር። እሷ ሁለቱንም ትልልን ነበር፣ ቃል በቃል፣ ድምፃችንን ሳትቀይር። አስር ዓመት ቢሆናት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ወስኛለሁ። ለዲሴምበሩ ንባብ እመጣለሁ። አንቺም ትመጫለሽ። አዳራሹ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ እንቁም፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ሳንነካከስ። አንድ ላይ ሆነን ትየን። ካስፈለገ ከረባት አደርጋለሁ። የሚቀጥለውን ሥራዋንም ቢሆን ጫፎቹ እንዳያዘነብሉ እንዴት እንደሚደረግ በቀላሉ የማሳያት ነገር አለ፤ ብረት የለውም፣ እምላለሁ።

ኦስማር

—

ሮዛሪዮ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1988

ኦስማር፣

አትምጣ።

ገና አልገባህም። አንድ ላይ ሆነን አጠገብ ለአጠገብ? ከረባት አድርገህ? እሱ ድልድዩ ነው አንተ ሰውዬ! ያንኑ ኮለን በእግሩ አስኪደህ ልታመጣው ነው።

ሲልቪና ደውላልኛለች። ከሜይ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «እንዳትመጡ። ሁለታችሁም። ንገሪው» አለችኝ። እንደገና አንዳችን ለሌላችን መልእክት አድራሽ ሆንን፤ በዚህ ጊዜ ግን የላከችው እሷ ናት። ስለዚህ አደረስኩ። እኔም አልሄድም።

ብትመጣ በሩ ላይ ቆሜ አስመልስሃለሁ፤ ታውቀኛለህ።

ኔሊዳ

—

ሮዛሪዮ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1988

ኦስማር፣

አለፈች።

ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው። አልመጣህም። አላመንኩህም ነበር፤ ሻንጣህን ይዘህ ብቅ የምትል እየመሰለኝ ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ላይ ነበርኩ። እኔም አልሄድኩም። እቤት ቁጭ ብዬ በዚህ ሙቀት የአንድ ባንክ ሕንፃ ሞዴል ላይ መቶ መስኮት ቆረጥኩ፤ ግማሹን አበላሸሁት።

የሆነውን የነገረችኝ ባሳኖ ናት። አንዷ አንባቢ «ዕረፍት» አለች። ሁለተኛው «ዝናብ ያቆመ ለታ» አለ፤ ባሳኖ «ይህ ቃል አይደለም» ብላ ተቆጣችው። ሦስተኛው ያ ቂምን በሚስማር የሠራው ልጅ ነበር። ጎንበስ ብሎ ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየ፣ ቀና አለ፣ ምንም ሳይል እፎይ ብሎ ተነፈሰ። ባሳኖ ወደ ረዳቷ ዞራ «ጻፊው፣ አንብቦታል» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ሲልቪና ናት፣ ሳጥኗን ይዛ። ከስታለች። ሳመችኝ፣ ገባች፣ ሞዴሉን አውጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች «ሻወር ልወስድ ነው» አለች። ገባች። ውሃው ተከፈተ።

እኔና ሞዴሉ ብቻችንን ቀረን። ኮላው መደርደሪያው ላይ፣ ካተሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ጫፎቹ ትንሽ አዘንብለዋል፤ ስለዚህ ነገር እንኳ ልክ ነበርክ። እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ሳቅ፣ አልከፋም። መነጽሬን አድርጌ ዝም ብዬ አየሁት፣ ሳልለካ።

ያቺን ቅንጣት ካርቶን ታስታውሳታለህ? እኔ ከድልድዩ ሥር አንስቼ ቅርጫት ውስጥ የጣልኳትን? አንተ ኮለንህን ለመትከል «ብጣሽ ወረቀት» ብለህ ገፋ ያደረግካትን? ሰው ናት ኦስማር። ከካርቶን የተቆረጠች፣ የጥፍር ታህል ልጅ። በሁለቱ ቤቶች መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ እጆቿን ራሷ ሥር አድርጋ በጀርባዋ ተኝታለች። በዚያ ሰፊ ድልድይ ሥር ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚወርደው በዚያች በአንድ ጣት ክፍተት ብቻ ነው፣ የሚያርፈውም ፊቷ ላይ ነው። ሁለቱን ጊዜም እዚያው ነበረች። እኔ ጠርጌ ጣልኳት፤ አንተ ብረት ተከልክባት።

እኔና አንተ የትኛው ቤት የማን ነው ስንባባል፣ አንዳችንም እሷ የት አለች ብለን አልጠየቅንም።

ከሻወር ስትወጣ መጀመሪያ ሞዴሉን አየች፣ ቀጥሎ እጆቼን። ማቴ አፈላሁ፣ ጠጣን፣ ሁለተኛ ዓመት ስለሚሰጡት ትምህርት አወራችኝ። ሞዴሉን እዚሁ ትታው ሄዳለች። እሁድ እመጣለሁ ብላለች፤ ካንተ ጋርም ጃንዋሪ ላይ ሁለት ሳምንት። ለየብቻ።

አሁን ስማኝ። አልታረቅኩህም፣ አልታረቅህምም። ግን ይህ ዓመቱን ሙሉ ከእኔ ወዳንተ፣ ካንተ ወደ እኔ በአናቷ ላይ ስናመላልሰው የከረምነው ወረቀት ምን እንደሆነ አሁን በደንብ ታይቶኛል፦ ያው ድልድይ ነው፤ አንተም ኢንጂነር ነህ፣ ይታይሃል። ይህ የመጨረሻው ነው። ወላልቀህ ብትወድቅ እንኳ በእሷ በኩል አልጠይቅህም፤ አንተም እንደዚያው። መልስ እንዳትጽፍ። «ደርሶኛል» ብለህም አትጻፍ፤ አንተ ደርሶኛል ብለህ ጀምረህ ሦስት ገጽ ትሄዳለህ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የጠየቅኩህን አድርግ።

ኔሊዳ